ሸክላው የሚዘላት ቃል

በእኔና በጎረቤቴ ቤት መካከል ያለችው ግድግዳ ስሟ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለችም። ሲያስነጥስ «ይማርህ» እለዋለሁ፤ እሱም ከወዲያ «ያኑርሽ» ይለኛል። እንግዲህ የምነግራችሁን ጆሮዬን ጥዬ ያዳመጥኩት አይደለም፤ ሳልወድ በግዴ የሰማሁት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

ጎረቤቴ ሶፋ አዳሽ ነው። የሰው አሮጌ ሶፋ ገልብጦ፣ ምስማሩን ነቅሎ፣ ስፖንጁን ቀይሮ አዲስ ጨርቅ ያለብሳል። የራሱ ሶፋ ግን ሆዱ ተቀዶ ስፖንጁ ተዘርግፏል። «ይሄስ?» ስለው «ተራው ሲደርስ» ይላል።

ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። በወጣትነታቸው፣ ገና ሳይጋቡ፣ አብረው የዘፈን ሸክላ ይሰበስቡ ነበር። እሷን በቀበረ ሰሞን ሸክላዎቹን ማየት አቃተውና ከነማጫወቻው ለመጣ ለሄደው አደላቸው። አሁን ደግሞ አንድ በአንድ መልሶ ሊለቅማቸው ተነሳ።

«ሰው የሰጠውን መልሶ ይለቅማል እንዴ?» አልኩት።

«የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። ሐዘኑ ነው» አለኝ።

እኔ ባለ ዕቃዋ የምላትን ሴት ያገኛት በዚህ ፍለጋ ነው። አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አሮጌ ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የተሰነጠቀ የፎቶ ፍሬም ትሸጣለች። ባሏን ፈትታ ብቻዋን የምትኖር፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ሴት ናት። የዚያን ቀን እኔም ካውያ ልገዛ አብሬው ሄጄ ነበር።

«ሸክላ አለሽ?» አላት።

«አለኝ። ማጫወቻ አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ሸክላውን ልትለብሰው ነው?»

ሳቀ። ያ ሰው ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ። እሷም አፏን ሸፈነች። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ፤ እኔ ካውያዬን እንዳቀፍኩ መሃላቸው እንደ ምሰሶ ቆሜ ቀረሁ።

ማጫወቻውን አገኘችለት። ሸክላዎቹንም እያፈላለገች፣ በሻርፗ ጠቅልላ፣ ደረጃውን እያንጎራጎረች ወጥታ፣ ራሷ ታመጣለት ጀመር። መጀመሪያ በር ላይ ሰጥታው ትመለስ ነበር። ቀጥሎ አንዱን ገጽ ሰምታ መሄድ አመጣች። ኋላ ደግሞ ሁለቱንም። እኔም ከወዲህ ሽንኩርቴን እየላጥኩ፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለውን ዝምታ መስማት ለመድኩ። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ ይታወቀኝ ነበር።

«ይህቺ ሴት ሸክላ ለመሸጥ ብላ ያን ሁሉ ደረጃ አትወጣም» አልኩት አንድ ቀን።

«ደንበኛዋ ነኝ።»

«ካውያ የገዛሁት እኔም ደንበኛዋ ነኝ። በሻርፕ ጠቅልላ ያመጣችልኝ ነገር ግን የለም።»

የያዛቸውን ምስማሮች አፉ ውስጥ ከተተና መዶሻውን አነሳ። ምስማር የጎረሰ ሰው ደግሞ አይጠየቅም።

በዚህ መካከል የእሷ እህት፣ ሌላ ከተማ የምትኖረው፣ ሰፊ ሱቅ ከፍታ «መጥተሽ አብረን እንሥራ» እያለች ትወተውታት ጀመር። ደረጃው ላይ አገኘኋት።

«ልትሄጂ ነው አሉ።»

«እንጃ እትዬ። ቅሪ ቢለኝ እቀራለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«ቅሪ በለኝ ብዬ ልለምነው? ተይኝ እባክሽ» ብላ ሳቀች። የዚያን ቀን አፏን አልሸፈነችም። ሳቅም አልነበረምና።

ከሸክላዎቹ ሳይገኝ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። የድሮው፣ የራሳቸው፣ ጭረት ነበረው። ሚስቱ በወጣትነቷ ስትጨፍር በዳሌዋ ጠረጴዛውን ገጨችውና መርፌው ተንሸራቶ ጫረው። ከዚያ ወዲያ ዘፋኙ እዚያ ቦታ ሲደርስ አንዲት ቃል ይዘላል። ሚስቱም ዕድሜዋን ሙሉ፣ ዘፈኑ እዚያ በደረሰ ቁጥር፣ ከተቀመጠችበት ሆና ቃሏን ትሞላለት ነበር።

ባለ ዕቃዋ ያንኑ ዘፈን የስንቱን ደጅ ጠንታ አገኘችለት። እጅ ያልነካው፣ ጭረት የሌለበት። አመሰግናለሁ ሲላት ሰማሁ። ከሄደች በኋላ አጫወተው፣ ደገመው፣ አቆመው።

በማግስቱ ብቅ ስል በወስፌ ሸክላውን እየጫረ አገኘሁት።

«ምን ነካህ፣ አንተ ሰው?»

«ዘፋኙ ቃሏን ራሱ አላት» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ለእሷ ቦታ አልተወላትም።»

እሑድ ከሰዓት ሁለታችንንም ጠራን። ባለ ዕቃዋ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ዛሬ ይናገራል ብላ እንደመጣች ለእኔ ግልጽ ነው። ሸክላውን አስቀመጠ። ዘፈኑ እዚያ ደረሰ፣ ቃሏን ዘለላት። ባለ ዕቃዋ ዘፈኑን ታውቀው ኖሮ፣ በቀጭን ድምፅ፣ የጎደለችውን ቃል አለቻት።

«ተይ» አለና ከመቀመጫው ተነሳ። «እሱን... እሱን ተይው።»

ዘፈኑ ቀጠለ። ማንም አልሰማውም። ባለ ዕቃዋ ማጫወቻውን አቁማ ሸክላውን ወደ መስኮቱ ይዛ ዞረች። አሮጌ ዕቃ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ የትናንት ጭረት አይጠፋትም።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስሰጥህ ደህና ነበር።»

«ደህና ነበር።»

ሸክላውን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ መለሰችው። «ቤትህ እኮ ሙሉ ነው» አለችው። «እኔ ባዶ መስሎኝ ነው።»

ሻርፗን አንስታ ወጣች። ደረጃው ላይ ኮቴዋ እስኪጠፋ ቆሞ ሰማ እንጂ አልተከተላትም።

ወደ እህቷ በምትሄድበት ቀን ጎትቼ አውቶቡስ መነሻው ድረስ ወሰድኩት። ሻንጣዋን አስጭና ቆማለች።

«ልትሸኘኝ ነው ልታስቀረኝ?» አለችው።

አፉን ከፈተ። ምስማር አልነበረበትም። «እኔ... ሸክላዎቹን እንደ ምንም ብዬ...» አለና እዚያው ቀረ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። እሷ የኮቱን ኮሌታ አቃናችለት፣ «በል፣ ብርድ እንዳይመታህ» አለችውና አውቶቡሱ ላይ ወጣች። በመስኮት አየችን፤ እጇን ያወዛወዘችው ግን ለእኔ ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ምሽት በሬን አንኳኳ። ገብቶ ሳይቀመጥ አንዲት ዜማ አንጎራጎረልኝ።

«ያቺ፣ ሸክላ ስታመጣልኝ ደረጃው ላይ የምትላት ናት። ማን ነው የዘፈናት? በየሱቁ ሸክላዋን ጠየቅሁ፣ የሚያውቃት ጠፋ።»

ወይ ጉድ፤ ደግሞ ሌላ ፍለጋ ጀምሯል። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

«አታገኛትም» አልኩት። «እኔም ጠይቄያት ነበር። ከራሷ ነው የምታወጣት። ሸክላ ላይ የለችም።»

ሲቸግረው የበሬን ጉበን በጣቱ እየፋቀ ቆየ።

«አውቶቡሱ መቼ መቼ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት።»

አሰበ። «ነገ ጠዋት ሶፋ የማስረክበው ሰው አለኝ» አለ።

«ከነገ ወዲያም አለ እኮ።»

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን ደህና እደሪ፣ አልለየሁም፤ በሩን ግን ቀስ አድርጎ፣ የታመመ ሰው ከተኛበት ቤት እንደሚወጣ ሰው፣ ዘግቶት ሄደ።