ከደብረ ሲና የወረዱት ሦስት ጀሪካኖች

ቤንዚን ቸርቻሪው ጀይላን የሞተው ጀሪካኖቹ መሃል ነው። ማጅራቱን በብረት ተመትቶ፣ በደረቱ ተደፍቶ፣ ጉንጩ ዘይት በጠጣው ስሚንቶ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ሽታው ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነበር። የሸዋ ሮቢት ዝንብ የማይደፍረው ነገር የለም፤ ይህን መጋዘን ግን ተጸይፎ ደጅ ቀርቷል።

ኢንስፔክተር ሙሀባ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ገባች። አጭር ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ዓይኗ ግን የገበያ ሴት ዓይን ነው፤ ከሣጥን ሥር የተደበቀችውን የበሰበሰች ቲማቲም ያያል።

«ደክመሽ ባትመጪም ነገሩ አልቋል» አለ ኮንስታብል ናሆም፣ ደረቱን ነፍቶ። «ገዳዩ ተይዟል። ባጃጅ ነጂው ኢልያስ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚሁ በር ላይ ‹በራስህ ቤንዚን ነው የማቃጥልህ!› ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ከምሳ በኋላ በሚወጣው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል።»

«እና አቃጠለው?»

«አይ... ፈነከተው እንጂ።»

«ስለዚህ ያለውን አላደረገም ማለት ነው።»

የናሆም ደረት ተነፈሰ።

ሙሀባ ዞር ዞር ብላ አየች። ጀሪካኖቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ከየክዳኑ ሥር የፌስታል ጫፍ እንደ ምላስ ወጥቷል፤ ሁሉም ጥቁር ነው። በሩ አጠገብ የቆሙት ባለ ቀይ ክዳን ሦስቱ ብቻ ምላሳቸው ሰማያዊ ነው። የሟቹ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የተቦጫጨቀ ሰማያዊ ፌስታል አገኘች፤ ሁለት የጫት ቅጠል ተጣብቆበታል። ጠቅልላ ያዘችው።

«ቆሻሻ ነው እኮ» አለ ናሆም።

«እዚህ ቤት ያልቆሸሸ ነገር ካየህ ጥራኝ።»

ደጅ ላይ የኢልያስ እህት ሲሃም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቃታለች።

«እትዬ ሙሀባ፣ ወንድሜ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው! ትናንት ከመግሪብ ሶላት ጀምሮ ማደያው ወረፋ ላይ ነው ያደረው፣ ባጃጁ ውስጥ ተኮራምቶ።»

«ማን አየው?»

«ሁሉም ያንኮራፋ ነበራ! የተኛ ሰው የተኛ ሰው ያያል?»

«ከጀይላን ጋር ምን አጣላው?»

ሲሃም ምራቋን ጢቅ አደረገች። «ማደያው የለም አለው። ጀይላን ጋ ሄደ። ጀይላን ‹ዛሬ ማጀቴ ከተማ ሦስት እጥፍ ገብቷል፤ እዚህም እንደዚያው ነው› አይለውም? እዚሁ ሮቢት ተቀምጦ የማጀቴን ዋጋ! ደብረ ሲና ላይ አንድ ነው፣ እኛ ጋ ሲወርድ እጥፍ፣ ማጀቴ ሲገባ ሦስት እጥፍ። አንድ ቤንዚን እኮ ነው እትዬ! መንገድ በሄደ ቁጥር ይባረካል እንዴ?»

«አይባረክም» አለች ሙሀባ። «ይከረፋል እንጂ።»

ማደያው ጋ ስትደርስ የባጃጁ ወረፋ እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ ደርሷል። መሃሉ ላይ አንድ ባዶ ባጃጅ ቆሟል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለታል።

«የማን ነው?»

«የኢልያስ» አለ ከኋላው ያለው ነጂ፣ ቀና ሳይል። «ይመለሳል ብለን ነው።»

ቀጂው ረድዋን የቆዳ ጫማውን ያብለጨልጫል። ከጀርባው «ቤንዚን የለም» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል።

«የለም ትላለህ። ጀይላን ቤት ግን ጀሪካኑ ሞልቷል። ዘነበለት?»

«ወላሂ እኔ...»

«አላህን ተወው፤ ሥራ አለበት። ማታ የት ነበርክ?»

ረድዋን ላቡን ጠረገ። «እዚሁ። ከመግሪብ ጀምሮ ቦቴ ሲራገፍ ነበር። ጥበቃውን ጠይቂው፣ ሹፌሩን ጠይቂው። ንቅንቅ አላልኩም።»

«ቦቴ ከተራገፈ ታዲያ ለምን የለም ትላለህ?»

«ገና... እስኪረጋ ነው።»

«የሚረጋው ቤንዚኑ ነው ወይስ ዋጋው?»

ረድዋን ጫማውን አየ። ሙሀባ ጥበቃውን ጠራችው። ጥበቃው ግን ቃሉን አጸናለት፤ ሌባ ነው፣ ማታ ግን እውነትም ከማደያው አልወጣም።

ሟቹ ቤት ከፈን ተገዝቷል፤ ጀናዛው ከዙህር ሶላት በፊት መውጣት አለበት። ባለቤቱ ናፊሳ ከሴቶች መሃል ተቀምጣ ዓይኗ አብጧል።

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ከመግሪብ በኋላ ጫቱን ይዤለት ሄድኩ። ብቻውን ነበር። ‹ሰው እጠብቃለሁ፣ ተኚ› አለኝ።»

«ጫቱ በምን ነበር?»

«በፌስታል ነዋ። ሰማያዊ።»

«ናፊሳ፣ የጀሪካኖቹ ክዳን ሥር ፌስታል የሚደረገው ለምንድን ነው?»

ናፊሳ በእንባዋ መሃል ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እሱ ነው እንደዚያ የሚያደርገው፣ አላህ ይዘንለትና። ከደጋ የወረደ ጀሪካን እዚህ ሙቀት ሲያገኘው ሆዱ ይነፋል። ጀይላን ዕቃው ሲገባለት ገና ሳይቀመጥ ክዳኑን ከፍቶ ያስተነፍሰዋል። ከዚያ ፌስታል በጥርሱ ቀዶ፣ ክዳኑ ሥር አድርጎ ያጠብቀዋል፤ እንዳያፈስ። ማንንም አያስነካም። እኔንም።»

በዚህ መሃል አንድ ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሰው በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ሱፍዋን ነው፣ ከደብረ ሲና ድንችና ቤንዚን ደርቦ የሚያወርደው የአይሱዙ ሹፌር። ሬሳውን ጠዋት ያገኘውም እሱ ነው።

«ናፊሳ፣ አላህ ያጽናሽ። ጊዜው አይደለም አውቃለሁ... ያው የሦስቱ ጀሪካን ሒሳብ...»

ሴቶቹ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሙሀባ ግን ወንበር ሳበችለት።

«የትኞቹ ናቸው ያንተ?»

«በሩ ሥር ያሉት ባለ ቀይ ክዳኖቹ። ሌሊቱን ደብረ ሲና መኪናዬ ውስጥ አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ ይዣቸው ወረድኩ። ቤቱ ጨለማ ነበር። ሦስተኛውን ሳስገባ እግሬ ሰው ነካ። ጮኼ ወጣሁ።»

«ከዚያ በኋላ አልነካሃቸውም?»

«ወላሂ አልነካሁም።»

«ጥሩ። ሒሳብህን ዛሬውኑ ታገኛለህ።»

ሙሀባ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰበች፤ ናፊሳን፣ ረድዋንን፣ ሱፍዋንን፣ ሲሃምን። ኢልያስ እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። ናሆም ሦስቱን ጀሪካኖች መሃል ላይ አስቀመጠ፤ ሽታቸው ከማንጎው ጥላ ሥር ቀድሞ ተቀመጠ።

«ጀናዛው እየጠበቀን ነው፣ አላንዛዛም» አለች። «ሱፍዋን፣ እነዚህን ያስገባሃቸው ጀይላን ሞቶ ካደረ በኋላ ነው። አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ማን አስተነፈሳቸው?»

«ምን?»

ሙሀባ ከክዳኑ ሥር የወጣውን ሰማያዊ ጫፍ ጎተተች። «ይህን የሚያደርገው ጀይላን ብቻ ነው። ሚስቱን እንኳ አያስነካም። የሞተ ሰው ጀሪካን አይከፍትም።»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት!» አለ ሱፍዋን ቶሎ ብሎ። «ደብረ ሲና ላይ።»

«ለምን ይደረጋል?»

«ለ... ለአቧራ።»

ረድዋን እንኳ ሳቀ።

ሙሀባ ሦስቱን ቁራጮች አወጣች፤ ከሟቹ ኪስ ያገኘችውን ፌስታል ዘርግታ አንድ በአንድ አስጠጋቻቸው። የተነከሰው ጠርዝ ከተነከሰው ጠርዝ ጋር ገጠመ። ከአንዱ ላይ የጫት ቅጠል ስባሪ ወደቀ።

«ይህ ፌስታል ናፊሳ ከመግሪብ በኋላ ጫት ያመጣችበት ነው። ስለዚህ ጀሪካኖቹ የገቡት ከዚያ በኋላ፣ ጀይላን ሳይሞት ነው። የሚጠብቀው ሰው አንተ ነበርክ። አንተ ማታ እዚህ ነበርክ፤ ደብረ ሲና ነበርኩ ብለህ ደግሞ ዋሽተኸኛል። ከገደልከው በኋላ ጀሪካኖቹን ድንች ሳትደርብባቸው ጭነህ ብትመለስ ኬላ ላይ ይወረሱብሃል። ስለዚህ ተውካቸውና ጠዋት አዲስ ያመጣሃቸው መስለህ ተመለስክ። ዝም ብትል ኖሮ የማን እንደሆኑ ማንም አያውቅም ነበር። አንተ ግን ሬሳ ሳይወጣ ሒሳቤን አልክ።»

«ማስረጃ አይሆንም ይሄ! የላስቲክ ቁራጭ!»

«ናሆም፣ የሱፍዋንን አይሱዙ ፈትሽ ብዬህ ነበር፤ ምን አገኘህ?»

ናሆም በዚህ ጊዜ ደረቱን አልነፋም። በጨርቅ የያዘውን የጎማ መፍቻ ዘረጋ። «ወንበሩ ሥር ያለው ብረት ሁሉ ግራሶ ነው። ይህ ብቻ ያበራል። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።»

ሙሀባ ብረቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ወዲያው አራቀችው። «ሰው ለአንዲት ሊትር አስፋልት ላይ ያድራል፤ አንተ ደም ታጥብበታለህ።»

ሱፍዋን ጃኬቱን አወለቀ። እዚያ ሙቀት ውስጥ እስካሁን እንዴት እንደቻለው እንጃ።

«ማጀቴ ላይ ሦስት እጥፍ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለ በመጨረሻ። «ያንን ቁልቁለት የማወርደው እኔ፣ ፍሬን ቢበጠስ ገደል የምገባው እኔ! ድርሻዬን ጨምር አልኩት። ፌስታሉን በጥርሱ እየቀደደ ሳቀብኝ። ‹አንተ ደጋ ነህ፣ የደጋ ዋጋ ይበቃሃል› አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ሲል...»

ናፊሳ ጩኸቷን በነጠላዋ አፈነችው። ማንም ሱፍዋንን አልሰደበም፤ ስድቡም አስጠላቸው መሰለኝ። ናሆም ካቴናውን ከኢልያስ እጅ ፈትቶ እዚያው ሱፍዋን እጅ ላይ አሰረው። ሲሃም ወንድሟን በጥፊ አለችው።

«ምን አደረግኩ?» አለ ኢልያስ።

«ሁለተኛ አቃጥልሃለሁ ትልና!» ብላ አቅፋው አለቀሰች።

ጀናዛው በጊዜው ወጣ፤ ሙሀባም እስከ መንገዱ ሸኘች። ገና ሰው ሳይመለስ አንድ ለቅሶ ደራሽ ወደ ናፊሳ ጠጋ ብሎ፣ «አላህ ጀነት ይስጠው... ያ ጀሪካን ግን ይሸጣል?» ሲል ሰማችው። ሙሀባ ዞር ብላ አየችው፤ ሰውየው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ጠፋ። መጋዘኑን አሳሸገችና ረድዋንን ክንዱን ይዛ ወደ ማደያው ወሰደችው።

የኢልያስ ባጃጅ ቦታው ላይ ነው። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ያነሳለት ያ ከኋላው ያለው ነጂ ነው፤ አሁንም ቀና አላለም።

ሙሀባ «ቤንዚን የለም» የሚለውን ካርቶን አውርዳ ሁለት ቦታ ቀደደችው። ከዚያ ፓምፑ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆመች።

«ረጋልህ?» አለችው ረድዋንን።

«ረ... ረግቷል።»

ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ኢልያስ ተራው ደርሶ ባጃጁን ገፍቶ ሲያስጠጋ፣ ከልምዱ የተነሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስንት ነው ዛሬ?»

ረድዋን ኢንስፔክተሯን አየ፣ ወረፋውን አየ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማውን አየ።

«በማደያው ዋጋ» አለ፣ እንደሚያስመልሰው ሰው።