የታትል ሕይወት አድን ጃኬት

መርከበኛውን ታትልን አመሻሹ ላይ ከመርከቧ የውሃ ጋን ውስጥ ሲያወጡት ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥፍሮቹ ተሰባብረው ነበር። ዝገት የአየሩን ኦክስጅን በበላበት ባዶ ጋን ውስጥ ክዳኑ ተዘግቶበት ከታች ሲቧጥጥ ነው የሞተው። ታንክ ጫኟ መርከብ ነገ ጎህ ሲቀድ ጃፓኖች በመሸጉበት የፊሊፒንስ ዳርቻ ላይ ታንኮቿን ልታራግፍ ነው። በግድያው የተጠረጠረው የታንክ ሾፌር ሮሊንስ ደግሞ ከውሃ በታች ባለች ጠባብ ክፍል ተቆልፎበታል። መርከቧ ከተመታች የሚከፍትለት የለም።

«ትናንት ከታትል ጋር ተደባድቧል። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አለ ካፒቴን ሎሪንግ።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ ካፒቴን» አለ ሌተና ኮርቤት። ከጦርነቱ በፊት መርማሪ ፖሊስ ነበር።

ወደ ጋን የሚወርድ መርከበኛ ሕይወት አድን ጃኬቱን አውልቆ ክዳኑ እጀታ ላይ ያንጠለጥላል፤ «ሰው አለ፣ እንዳትዘጉ» ማለት ነው። የታትል ጃኬት ግን እዚያ አልነበረም። ኮርቤት ወደ መርከበኞቹ መኝታ ወርዶ ሲፈልግ፣ ፍራሽ ከሌለው አልጋ በላይ ተሰቅሎ አገኘው።

«ይሄ የማን አልጋ ነው?» ሲል የፓምፕ ሠራተኛውን ፓቭሊክን ጠየቀው።

«የታትል ነበር፣ ጌታዬ። ዛሬ ጠዋት ቧንቧ አፍስሶበት ‹ዓሣ ነኝ እንዴ!› እያለ ሲራገም ፍራሹን ተሸክሜ ወደ ሌላ አልጋ ያዛወርኩለት እኔ ነኝ። ክፍሉ በሙሉ ስቆበታል።»

«ያልሳቀ የለም?»

«ብሪግስ ብቻ። ሳይነጋ በጀልባ ወጥቶ ከምሳ በኋላ ነው የተመለሰው።»

ኮርቤት ካፒቴኑንና መርከበኞቹን ሁሉ ታንኮቹ ዘንድ ሰበሰባቸው። ሮሊንስም በካቴና ታስሮ መጣ።

«ጃኬቱን ያነሳ ሰው ታች ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ክዳኑ በስህተት አልተዘጋም» አለ ኮርቤት። «ሮሊንስ ወታደር ነው። በመርከበኞቹ መኝታ ደጃፍ ላይ ያለው ዘብ ወታደር አያስገባም። ገዳዩ መርከበኛ ነው፤ ታትል ጃኬቱን ክዳኑ ላይ ሳይሰቅል የወረደ እንዲመስል ወስዶ ከቦታው ሰቀለው። ግን ከድሮው ቦታ። ፓቭሊክ ፍራሹን ራሱ ተሸክሟል፣ አይሳሳትም። የታትልን መዛወር ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይን ሁሉ ታንኮቹ የሚወጡበትን የመርከቧን ትልቅ በር ወደሚያንቀሳቅሰው ብሪግስ ዞረ።

«ባለፈው ዳርቻ ተመላሾቹ ሳይገቡ በሩን ቀድሜ ዘጋሁት» አለ ብሪግስ። «ቁስለኞቹ ውሃው ውስጥ እየጮኹ… ፈራሁ! ታትል አይቶኛል። ዛሬ ለካፒቴኑ እናገራለሁ አለኝ።»

ካፒቴኑ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «በበሩ ማሽን ላይ የሠለጠነ ሌላ ሰው የለኝም። ነገም እሱው ይከፍታል፤ ከኋላው ዘብ ይቁም።»

ኮርቤት እውነቱን በማግኘቱ ቅንጣት ደስታ አልተሰማውም። የሮሊንስን ካቴና ፈታለት።

«ነፃ ነህ፣ ወንድሜ። ሂድ።»

«ወዴት ልሂድ፣ ጌታዬ?»

የሮሊንስ ታንክ ከሁሉም ፊት፣ አፍንጫው በሩን ሊነካ ቆሟል። ሲነጋ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ሮሊንስ ታንኩን አየ፣ ብሪግስን አየ፤ ከዚያ ወደ ኮርቤት ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እባክዎ ለብሪግስ ይንገሩልኝ» አለ፤ «ቆስዬ ከተመለስኩ እንዳይዘጋብኝ።»