ያልደረሰው ዘጠኝ ሰዓት

ሙንተሲር ረቡዕ ቀን በስድስት ሰዓት፣ አሰላ ባለችው ጠባብ ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ጠጥቶ ባጋመሰው ሻይ ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት ነበረበት። ፖሊስ ወዲያው በሩን አሸገ።

ሚስቱ ናኢማ አስከሬኑ ሲወጣ ዓይኗ ያረፈው በባልደረባው በሳምራ ላይ ነው። ሳምራ ትንሰቀሰቃለች። «እሷ ምን ቤት ነኝ ብላ ነው የምታለቅስለት?» አለች በልቧ። ቅናት እንደሆነ ቀብር እስኪደርስ እንኳ አይታገሥም።

ሟቹ አንድ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ ሰው ኢንተርኔት ላይ የጎበኘውን ገጽ ሁሉ በሰዓትና በጉዳይ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ያየኸው ገጽ ሲጠፋብህ መልሶ የሚያመጣልህ። ናኢማ ባሏ የማያውቅ እየመሰላት፣ ዞር ባለ ቁጥር ይህንኑ ከፍታ ውሎውን ትበረብር ነበር። ይህ ሲሰማ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ።

በማግስቱ ኢንስፔክተር በቀለች ሁለቱን ሴቶችና ሚፍታን ቢሮው ውስጥ ሰበሰቡ። ሚፍታ ፕሮግራሙን ከሟቹ ጋር ጀምሮ፣ ከሁለት ወር በፊት ተጣልቶ የወጣ ነው፤ አሁን ሳጉሬ ከተማ ስንዴ ይነግዳል።

«የይለፍ ቃሉን የምታውቁት ሦስታችሁ ናችሁ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ሚፍታ፣ እዚህ መቼ መጣህ?»

«ወላሂ፣ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ አልረገጠም። ይልቅ ይቺን ቀናተኛ ይጠይቋት!»

«ፕሮግራሙ ያስገኘውን ሽልማት ሙንተሲር ብቻውን ሲወስድ አንተስ አልቀናህም?»

«ማን አይቀናም?»

«እሺ። ትናንት አንድ ሰው ከዚህ መዝገብ ላይ ቀን ከዘጠኝ እስከ አሥር ያለውን ሰርዟል። እኛ በሩን ያሸግነው ግን በስድስት ሰዓት ነው። ገና ያልደረሰን ሰዓት ማን ይሰርዛል?»

ኢንስፔክተሯ ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞሩት።

«ፕሮግራሙ ድሮ በፈረንጅ ሰዓት ነበር የሚቆጥረው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ ይለው ነበር። ሙንተሲር ከወር በፊት ወደ ሀበሻ ሰዓት ቀየረው። ሳምራና ናኢማ በየጊዜው ስለሚከፍቱት ያውቃሉ። የማያውቀው ከዚያ በፊት የወጣ ሰው ነው። ገዳዩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሠራውን ሊያጠፋ በድሮው ልማዱ ዘጠኝ ብሎ አዘዘ። የሦስት ሰዓቱ ሳይነካ ቀረ። ይኸው፣ ፕሮግራሙ እንዳለ ወደ ኢሜይልህ ተልኳል፣ ሚፍታ።»

ሚፍታ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «አብረን ደከምንበት» አለ፤ «ስሙ ግን የእሱ ብቻ ሆነ።» ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

«ግን ሰዓቱን ለምን ቀየረው?» አለች ናኢማ።

«ለአንቺ ነዋ» አለች ሳምራ ቀስ ብላ። «እንደምትበረብሪው ያውቅ ነበር። ‹ሰዓቱ እየተምታታባት በከንቱ ትጠረጥረኛለች፤ ማየቷ ካልቀረ በትክክል ትየኝ› አለኝ።»

ናኢማ ሳምራ አንገት ላይ ተጠምጥማ ጮኸች።