ጭስ ያልወጣበት እሳት

ፕሮፌሰር ኦገስተስ ሃርግሪቭ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ «ልብ ነው» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ የጉንጫቸውን ቅላት ሲያይ ግን የከሰል መርዝ ጠረጠረ። መርማሪ አምብሮዝ ፔልሃም ከዴላዌር ወንዝ ማዶ ተጠራ።

ፔልሃም ሲደርስ በረዶው ቆሟል። ግቢው መሐል ቆሞ ሽቅብ ያንጋጥጥ ጀመር።

«መንገድ ጠፋዎት እንዴ?» አለችው የሟቹ የወንድም ልጅ ዊኒፍሬድ፣ ዓይኖቿ በለቅሶ አብጠው።

«ጣሪያችሁን እያየሁ ነው።»

«ሰው ሞቶብናል እኮ! ጣሪያ ምን ያደርግልዎታል?»

ሃርግሪቭ ዕድሜያቸውን የፈጁት ምልክትን ሲመረምሩ ነበር፤ ጭስ የእሳት፣ ዱካ የእግር፣ ቃል የሐሳብ ምልክት የሚሆነው እንዴት እንደሆነ። «የሐሳብ ትርጉሙ ፍሬው ነው» ይሉ ነበር። «እውነት ቢሆን ምን ይከተል እንደነበር ጠይቁ፤ ከዚያ ሄዳችሁ እዩ።» ዩኒቨርሲቲው ካሰናበታቸው ወዲህ የሚያዳምጣቸው ጥቂት ሰው ነበር፤ ባለቤታቸው ሌቲሻ፣ ዊኒፍሬድና የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር ኤድመንድ ክሮል። ክሮል ዛሬ በመላው ፔንስልቬንያ የታወቀ መምህር ነው። ትናንት ከሰዓት መጥቶ ጠይቋቸው፣ መንደሩ ውስጥ አድሯል።

ፔልሃም የጥናት ክፍሉን ዞሮ አየ። ምድጃው ውስጥ ግማሹ ብቻ የነደደ የድንጋይ ከሰል አለ። የምድጃውን ጭስ ወደ ጣሪያ የሚያወጣው ቧንቧ መዝጊያ ጥርቅም ብሏል፤ እጀታው ከሰው ራስ በላይ ነው። የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል።

«ይህን ማን ወተፈው?»

ዊኒፍሬድ ፊቷን ሸፈነች። «እኔ ነኝ። ነፋሱ ሳል ሲያስነሳባቸው ጊዜ፣ ትናንት ጠዋት... የከሰሉ መርዝ መውጫ አጣ፣ አይደል? አጎቴን የገደልኳቸው እኔ ነኝ!»

«ቆዪ፣ አትቸኩዪ። በሩስ?»

«ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። እንግዳ ከሸኙ በኋላ ሁልጊዜ ይቀረቅራሉ። ዛሬ ጠዋት ገንጥለን ነው የገባነው።»

ሌቲሻ ወጥ ቤት ውስጥ የቀዘቀዘ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ለራት ጠራሁት፤ መልስ የለም» አሉ። «ጠዋት ተጣልተን ነበርና ኩርፊያው ነው ብዬ ትቼው ተኛሁ። አንድ በር መደብደብ አቅቶኝ! ከእኔ የከፋ ጥፋተኛ አይፈልጉ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በኤድመንድ ነዋ። ዩኒቨርሲቲው ኦገስተስን ወደ መምህርነቱ ሊመልሰው ሲል፣ በጓዳ ገብቶ ያስከለከለው እሱ መሆኑን ሰማሁ። ብነግረው ‹ልጄን አትሚብኝ፤ ሲመጣ ራሱን እጠይቀዋለሁ› ብሎ ጮኸብኝ።»

«የቧንቧውን መዝጊያ ራሳቸው ነበር የሚዘጉት?»

«እሱ? ቁርጥማት ከያዘው ወዲህ ክንዶቹ ከደረቱ በላይ አይወጡም። ክፍሉ ውስጥ ያገኘውን ሰው ነው የሚያዘው።»

ክሮል ከመንደሩ ተጠርቶ መጣ። ድምፁ የረጋ ነው። «ገና በረዶው እየጣለ ሳለ ደህና እንደሆኑ ተሰናበትኳቸው። የግቢው በር ላይ ስደርስ ዞር ብዬ እንኳ አይቻለሁ፤ ከክፍላቸው ጭስ ማውጫ ጭሱ እየተትጎለጎለ ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አሁን እርስዎን እንደማየዎት።»

ፔልሃም ሦስቱንም ወደ ግቢው አወጣቸው።

«የጭስ ማውጫዎቹን ተመልከቱ» አለ። «ሁለት ናቸው። የወጥ ቤቱ ክዳን ድንጋይ ጥቁር ነው፤ በረዶው ቀልጧል። የጥናት ክፍሉ ክዳን ላይ ግን ይኸው ተቆልሏል። ዶክተር፣ ጭስ አየሁ ብለዋል። እውነት ቢሆን ምን ይከተል ነበር?»

«እሳቱ በኋላ ጠፍቶ ይሆናላ!»

«የጠፋ ከሰል አይመርዝም። ፊታቸውን ያቀላው የሚነድ ከሰል ነው። ሙቀቱ ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ በረዶው ገና ሲጥል ቧንቧው ተዘግቷልና። እሳቸው እጀታው ላይ አይደርሱም። እርስዎ ሲወጡ እሳቸው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም። ታዲያ ማን ዘጋው?»

ክሮል ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አወረደ።

«ስለ ዩኒቨርሲቲው ጠየቁኝ» አለ። «አመንኩላቸው። ያስተማርኩት ሁሉ የእሳቸው ነበር፤ ተመልሰው ቢያስተምሩ ዓለም ያውቅብኝ ነበር። በቅዳሜው የመምህራን ጉባኤ ላይ ተነሥቼ እውነቱን እንድናገር አዘዙኝ። ስወጣ ‹ኤድመንድ ልጄ፣ በርዶኛል፤ እሳቱ እንዲበረታ ቧንቧውን ትንሽ ክፈትልኝ› አሉኝ። እጄ ግን እጀታውን ወደሚዘጋበት አዞረው።»

«አላስተዋልክም ነበር?» አሉ ሌቲሻ፣ አላስተዋልኩም እንዲላቸው እየለመኑ።

«የግቢው በር ላይ ቆሜ አየሁ። ጭስ አልነበረም። ሮጬ መመለስ እችል ነበር፤ ቆሜ አይቼ ሄድኩ። ለእጄ ምሕረት መለመን እችላለሁ። ለእግሬ ግን...»

ዊኒፍሬድ በረዶው ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ» አላት ፔልሃም፣ «በዚያ ስንጥቅ ነፋስ ብቻ ነበር የሚገባው። መርዙን ክፍሉ ውስጥ ያስቀረው የተዘጋው ቧንቧ ነው።»

ፖሊሶቹ ክሮልን ይዘው ሲሄዱ ሌቲሻ የመርማሪውን እጅጌ ያዙ።

«ለራት ስጠራው... በሩን ብገነጥለው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«አይተርፉም ነበር» አለ ፔልሃም ሳያመነታ። «በዚያ ሰዓት አልፈው ነበር።»

ሌቲሻ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪደክማቸው አለቀሱ፤ ከዚያ ዊኒፍሬድን አንሥተው ወደ ቤት አስገቡ።

ፔልሃም ወደ ወንዙ ብቻውን ወረደ። ሃርግሪቭ ያረፉበትን ሰዓት አላወቀውም ነበር፤ ሐኪሙም አላወቀውም። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ሳያረጋግጥ «ነው» ብሎ የተናገረው ያንን ብቻ ነበር፤ ጀልባው ላይ ተቀምጦ እስኪሻገር ድረስም ጀርባውን ለዚያ ቤት ሰጥቶ ቆየ።