ፊቷን ወደ ግንብ ያዞረችው መኪና

የጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ጣሰው አስከሬን በገዛ መኪናው ሞተር ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ከአንገቱ የማይለየው ፎጣ ጫፉ በራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ክንፎች ላይ ተጠምጥሟል፤ ፊቱ ጠቁሮ፣ ምላሱ በጥርሶቹ መካከል ተቀርቅሯል። ኢንስፔክተር ዲንቄ በነጌሌ ከተማ፣ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ካለው የሟቹ ግቢ ስትደርስ፣ በዚያው ማለዳ ሁለተኛ አስከሬን ሊጨመር ጥቂት ነበር የቀረው።

መካኒኩ ዩኑስ መሬት ላይ ተዘርግቷል። የሟቹ የጦር ሜዳ ባልደረባ ዮሴፍ ደረቱን በጫማው ረግጦ ዱላውን አንስቷል፤ ከኋላውም ሌሎች ጡረተኞች ዱላ እንደያዙ ቆመዋል።

ዲንቄ ሽጉጧን መዝዛ ወደ ሰማይ ተኮሰች።

«እግርህን አንሳ፣ ዮሴፍ። ሁለተኛዋን ወደ ሰማይ አልተኩሳትም።»

«ደም በደም ነው፣ ኢንስፔክተር! ባለፈው ሳምንት ፋኑን የነካካው ይሄ ነው። ጣሰው ጥፋ ብሎ በጥፊ አጩሎታል። ቂሙን ይዞ ፋኑ ያለ ቁልፍ እንዲነሳ አድርጎ ገጠመው፤ እንደ በግ አሳነቀው።»

«ያለ ቁልፍ እንደሚነሳ ማን ነገረህ?»

«ፍሬሰንበት ነዋ፤ የሚስቱ ወንድም።» ዮሴፍ እግሩን እያጉረመረመ አነሳ። «እስከ ቀብር እንታገሣለን። ከቀብር በኋላ ግን ጋራዡንም እሱንም እናነድዳቸዋለን።»

ዲንቄ ከመካኒኩ አጠገብ ተንበረከከች። «አካም፣ ዩኑስ?»

«ናጋ» አለ በልማድ፤ ከሰላምታው ጋር ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። መንጋጋው ተሰብሮ ነበርና ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልወጣውም። ኮንስታብል አረሮ ደግፎ ወደ ፖሊስ ፓትሮሉ ወሰደው።

ዲንቄ በዶሎ ኦዶ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ልጅ ናት፤ አንድ ሞተር ለምን እንደሚፈላ ያወቀችው ፊደል ሳትለይ ነው። ትናንት ከሰዓት በአዶላው አስፋልት ላይ ዲባ የሚባል እረኛ ገድሎ የሸሸ መኪና ስትፈልግ ውላለች። ዛሬ ደግሞ ይህ መጣ።

በመጀመሪያ አስከሬኑን ፎቶ አስነሳች፤ ከዚያ በጥንቃቄ ፈታችው። የሟቹን አገጭ በጣቷ ቀና አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። አንድ ጭረት አልነበረበትም። መኪናዋ ፊቷን ለግንቡ ሰጥታ ቆማለች፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ሰው ቢያቆም ነው።

የሟቹ ሚስት እናትነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከደጃፉ ተቀምጣ ነበር።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ እናትነሽ። ትናንት እንዴት ሆኖ ነበር?»

«ከወንድሜ ጋር ከአዶላ መጣ። ምሳ አልቀምስ አለ። ‹ነገ ሽማግሎቹ ዘንድ እሄዳለሁ› አለኝ፤ ለምን ብለው ዝም። እኔ ለቅሶ ቤት አድሬ ስመለስ...»

«መኪናዋስ? ታስቸግረው ነበር?»

«እሷማ ሥራዋ መፍላት ነው! ማታ ማታ ውሃ የማቀብለው እኔ ነኝ። ‹ያገባኸው እኔን ነው እሷን?› እለው ነበር። ‹አንቺም ትፈያለሽ› ይለኛል፣ የኔ ጌታ!» ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ አመለጣት።

መኪናዋን በከተማ የሚሠራባት ሹፌር ቢንያም ጥግ ይዞ ያለቅስ ነበር።

«ገበያ መሀል ከቆምኩ እንደ ሽሮ ትንተከተካለች፣ ኢንስፔክተር። አስፋልት ላይ ስትሮጥ ግን ደህና ናት፤ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራላታል። ጋሽ ጣሰው ሲያቆማት እንኳ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ ካላዞረ እንቅልፍ አይወስደውም።»

«በዚህ ግቢ ነፋሱ ከየት ነው?»

«በበሩ በኩል፣ ከሜዳው።»

መኪናዋ ለበሩ የሰጠችው ጀርባዋን ነበር። «ያልከኝን ለማንም እንዳትተነፍስ» አለችው ዲንቄ።

ፍሬሰንበት ከቡሌ ሆራ ለጥየቃ የመጣ፣ አንደበተ ርቱዕና ጽዱ ወጣት ነው። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«መኪናዋ እንከን የላትም። ከአዶላ እዚህ ድረስ የነዳኋት እኔ ነኝ፤ የሙቀቱ መርፌ ከመሀል ንቅንቅ አላለም። ፋኑማ ጎበዝ ነው! ያ መካኒክ በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶት ነው እንጂ።»

«ጣሰው ለምን አልነዳም?»

«እኔ መንዳት ስለምወድ ለቀቀልኝ።»

«አመሰግናለሁ። ከግቢው አይውጡ።»

ዲንቄና አረሮ መኪናዋን ከግንቡ ወደ ኋላ ገፏት። የግራ የፊት መብራቷ ተሰብሮ ነበር፤ ቢንያምም ትናንት ጧት ደህና እንደነበር ማለ። ዲንቄ ራዲያተሩን ውሃ ሞልታ፣ የመኪናዋ ባትሪ ደክሞ እንዳያሳስታት ከፓትሮሉ ባትሪ ገመድ ስባ ሞተሩን አስነሳች። ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ አልነበረም። ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛውም የታችኛውም ቱቦ ጋለ፤ ውሃው በደንብ ይዞራል ማለት ነው። ራዲያተሩ በቆሻሻ ተደፍኖ እንደሆነ ለማየት ከፊት በኩል በባትሪ መብራት ስትፈትሽ፣ ከቀጫጭኖቹ ቆርቆሮዎች መካከል የተሰካ የእንጨት ስንጣሪ አገኘች። ለስላሳ ነው፤ በእጅ ብዛት የወዛ ነው፤ ጫፉ ላይ ደም ደርቆበታል። የእረኛ በትር ስባሪ ነበር።

በዚህ መካከል መርፌው ቀዩን ነካ፤ ራዲያተሩ እንፋሎት መትፋት ጀመረ። ፋኑ ግን አልተነሳም። ሞተሩን አጥፍታ የፋኑን ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘች። ብልጭታ ብቻ። ክንፉን በእጇ ይዛ በሙሉ ኃይሏ ገፋችው፤ የፋኑ ሞተር ውስጡ ተቃጥሎ ተጣብቋል፤ ንቅንቅ አላለም።

የቀብሩ ሰዓት ሲቃረብ ሁሉንም በግቢው ሰበሰበች። ጡረተኞቹ ዱላቸውን አልጣሉም። ዩኑስ ፊቱ አብጦ ከፓትሮሉ ወረደ።

«ዮሴፍ፣ ና። ይህን ክንፍ አዙር።»

ዮሴፍ በአንድ እጁ ሞከረ፤ በሁለት እጁ ሞከረ፤ አንገቱ ላይ ያሉ ሥሮች ተገተሩ። አልሆነም።

«ይህ ፋን ጣሰው ከመሞቱ በፊት የሞተ ነው» አለች ዲንቄ። «ዩኑስ ባለፈው ሳምንት ነግሮታል። ነው አይደለም?» ዩኑስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። «የጠቡም መነሻ ይኸው ነበር፤ ጣሰው በአሮጌው ሥራልኝ ይላል፣ ዩኑስ አይሠራም ይላል፤ አይደል?» ዩኑስ ደግሞ ነቀነቀ። « የማይዞር ፋን ሰው አይጎትትም። ቢጎትት ኖሮ አገጩን ይቆራርጠው ነበር፤ አገጩ ግን ጤነኛ ነው። ስለዚህ ጣሰው በራሱ ፎጣ በሰው እጅ ታነቀ፤ ፎጣውም ከሞተ በኋላ በክንፎቹ ላይ በእጅ ተጠመጠመ።»

ዮሴፍ እጁን ከክንፉ ላይ አነሳ፤ ዲንቄ ቀጠለች።

«እንዲህ ያለ ተንኮል የሚያስበው ፋኑ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው። ዩኑስ መሞቱን ያውቃል። ቢንያም በየገበያው ውሃው ሲፈላበት ከርሟል። እትዬ እናትነሽ በየማታው ውሃ አቀብለዋል። የማያውቀው በክፍት አስፋልት ላይ ብቻ የነዳት፣ ነፋሱ ሲያበርዳት ፋኑ ያበረዳት የመሰለው ሰው ነው።» ዞረች፤ አንቱታዋም አለቀ። «አንተ፣ ፍሬሰንበት።»

«በዚህ ተነስተሽ ሰው ትወነጅያለሽ?»

«በዚህም እወነጅላለሁ።» ስንጣሪውን በመዳፏ አሳየችው። «ዲባን ስትገጭ በትሩ ራዲያተሩ ውስጥ ቀርቷል። ነጂው እኔ ነኝ ያልከኝም ራስህ ነህ። የተሰበረውን መብራት ለመደበቅ መኪናዋን ለግንብ አዞርካት፤ ጣሰው ቢሆን ለነፋስ ባዞራት ነበር።»

ፍሬሰንበት ከመሬት የክሪኩን ብረት አነሳ። አረሮ ሊይዘው ሲጠጋ ግንባሩን ፈጠፈጠው፤ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። ብረቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይወርድ ዲንቄ በፖሊስ ዱላዋ ጉልበቱን መታችው። የአጥንት ድምፅ ተሰማ፤ እየጮኸ ወደቀ።

እናትነሽ በላዩ ቆመች። «ምን አድርጎህ ነው፣ ወንድሜ?»

«እረኛው ሳላየው ነው ከከብቶቹ መሀል የወጣብኝ! ጣሰው ‹ሽማግሎቹ ዘንድ ሄደን እንናገር፤ ጉማ ይቆረጣል› አለ። ለጉማ ሊሰጠኝ! ሊያሳርደኝ!»

«ጉማ ማረጃ አይደለም» አለች ዲንቄ። «ሳያስብ የገደለ ሰው ተናግሮ፣ ዘመዶቹ ካሳ ከፍለውለት፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር ታርቆ የሚኖርበት ሥርዓት ነው። ጣሰው እዚህ ኖሮ አይቶታል። ሊያድንህ ነበር የለመነህ።»

ጡረተኞቹ ዱላቸውን አንስተው ወደ ወደቀው ሰው ተመሙ። ዲንቄ በመካከል ቆመች።

«ይህንንም አልሰጣችሁም! ይልቅ የዩኑስን መንጋጋ የሰበረ ይውጣ።»

ዩኑስ እጁን ቀስ ብሎ አንስቶ ወደ ዮሴፍ ጠቆመ።

«እኔ እኮ ለጓደኛዬ ብዬ ነው...»

«ሂድ፣ ዮሴፍ» አለች እናትነሽ። «ንጹሕ ሰው የሰበርከው በባሌ ስም ነው። ሂድ።»

ዱላው ከእጁ ወደቀ። አረሮ ካቴና የነበረው አንድ ብቻ ነበር፤ ደሙን በእጅጌው ጠርጎ አንዱን ቀለበት በፍሬሰንበት፣ ሌላውን በዮሴፍ አንጓ ላይ ቆለፈ። ሁለቱ በአንድ ብረት ተሳስረው ከፓትሮሉ ኋላ ተጫኑ። ዲንቄ የፊቱን በር ከፍታ ዩኑስን ደግፋ አስገባችውና ወደ ሆስፒታል ነዳች።