የእትዬ ውዴ ትከሻ

ሽታዬ ግጥሟን አንብባ ስትጨርስ ሙገሳ ጠበቀች። አክስቷ እትዬ ውዴ ግን ድንች መላጣቸውን አልተዉም።

ዓመቱ 1953 ነው፤ የአፍሪካ አገሮች ተራ በተራ ከቅኝ ግዛት የወጡበት ጊዜ። የዳንግላው ትምህርት ቤት በወላጆች በዓል ስለዚሁ ግጥም ሊያስነብብ፣ ከስምንተኛ ክፍል የሽታዬን መርጧል። አውራጃ ገዢውም ይመጣሉ። ልጅቷን ሳምንቱን ሙሉ ደስታ እግሯን መሬት አላስረግጥ ብሏታል።

«እኛ ሳንደፈር፣ እኛ ሳንነካ፣
እንኳን ነፃ ወጣሽ፣ ምስኪኗ አፍሪካ።»

እትዬ ውዴ የታወቁ አልቃሽ ናቸው፤ በአማርኛም በአገውኛም ግጥም ሲያወርዱ ደረቅ ዓይን ይዞ የሚመለስ ለቀስተኛ የለም። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«የሰው ለቅሶ ስንደርስ አስቀድመን የማንን ሙት ነው የምናነሳ?»

«የራሳችንን።»

«ታዲያ አንቺ ባዶ እጅሽን ገባሽ፣ ልጄ።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገለጥ አደረጉ። ጣልያን መንገድ ሲያሠራ እሳቸው የሽታዬ እኩያ ነበሩ፤ ድንጋይ አሸክሟቸው ኖሯል። ጠባሳው የእንቁላል ያህል ነው። ለአርበኞች ስንቅ ማቀበላቸውን ሲያወሩ ሰምታለች፤ ይህን ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

በማግስቱ ሽታዬ ክፍል ውስጥ ለጋሼ ስማቸው፣ ለአስተማሪዋ፣ የጠባሳውን ታሪክ ነግራ ሌላ ግጥም ሰጠች።

«የእትዬ ውዴ ትከሻ ጠባሳው መች ቀረ፣
አፍሪካ እህቴ ሆይ፣ ያንቺስ እንዴት አደረ?»

ጋሼ ስማቸው ፊታቸው ጠቆረ። ገዢው ፊት የተሸነፍን ያስመስለናል፤ የፊተኛውን አንብቢ፣ ካልሆነ ከዚሁ ክፍል አበረ በራሱ ግጥም ይተካሻል አሏት። አበረም ከኋላ ሆኖ «እናንተ፣ የተሸካሚ ዘር መጣች!» ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። የዚያን መድረክ ያህል የተመኘችው ነገር አልነበረም።

ቤት ስትገባ አክስቷን፣ ስምዎን በሰው ፊት ብጠራው ያፍራሉ ወይ ስትል ጠየቀቻቸው።

«ያሸከመኝ ሄደ፤ እኔ እዚሁ አለሁ» አሉ እትዬ ውዴ። «ምን ያሳፍረኛል? ስሜን ከነአባቴ ጥሪው።»

ጠዋት ሽታዬ ደወል ሳይደወል አስተማሪዋ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ አበረ ይተካኝ ካሉ ይተካኝ። እኔ ከወጣሁ ግን ይቺን ነው የማነብ።»

ጋሼ ስማቸው ወረቀቷን ተቀብለው ደግመው አነበቧት። ኋላ የበዓሉን መርሐ ግብር ሳቡና እርሳሳቸውን አነሱ።

«ይቺ ውዴ፣ ውዴ ማን ናት?»

«ውዴ ቢሻው» አለች ሽታዬ፣ ቀና ብላ።