ደርሳ ትጠገን

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብርዛፍ ይመኑ ደብረ ብርሃን ቢሮዋ ውስጥ ጋቢዋን ደርባ ተቀምጣ፣ በእጆቿ ሞምባሳ ወደብ የቆመች መርከብ ትዳብሳለች። ጆሮዋ ውስጥ የማዕበል ድምፅ አለ፤ መስኮቷን ደግሞ የሐምሌ በረዶ ይደበድበዋል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስትሠራ የባሕር ውኃ አንድ ቀን እግሯን ነክቶት አያውቅም። በዚህ የሚገረም ሰውም ከቀረ ቆይቷል።

ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዷ መርከብ ላይ ጥላ አካል የሚሉት፣ የሰው ቁመት ያለው መሣሪያ ቆሟል። መርማሪው ቢሮው ሆኖ ጓንቱንና መነጽሩን ሲያጠልቅ ጥላ አካሉ እዚያ ማዶ ይነቃል፤ እሱ ሲጎነበስ ይጎነበሳል፣ እሱ ሲይዝ ይይዛል። ብረቱ ፀሐይ መትቶት እንደሆነ ግለቱ እዚህ ጣቱ ላይ ይሰማዋል። ብርዛፍ እግሯን ብርድ እየቆረጠማት እጇን ሙቀት ሲያልባት ውላ ትገባለች።

የመርከብ ደኅንነት ባለሥልጣኑ ወደዚህ ተራራ የመጣው ለብርዱ ሲባል ነው። አመዛዛኝ የሚባለው፣ የመርማሪዎችን ሪፖርት መዝኖ መርከብ ትነሣ ወይም አትነሣ ብሎ የሚወስነው ማሽን ሙቀት አይወድም። መሥሪያ ቤቱ ሲተከል የከተማው ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብሎ ስቆ ነበር። ይሳቅ። የአገሪቱን ባንዲራ የሰቀለች መርከብ ሁሉ ግን ከዚህ ተራራ ይሁንታ ሳታገኝ መልሕቋን አታነሣም።

የዚያን ቀን ተረኛዋ ጉና የምትባል የጭነት መርከብ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ሰው ይዛ ወደ ጅቡቲ ልትነሣ ነው። በዛሬዎቹ ፈጣን መርከቦች መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ ከጅቡቲ በፈጣኑ ባቡር ከተሳፈሩ አረፋን ቤታቸው ይውላሉ። የመርከቧ ካፒቴን ኑርሁሴን የሚባል የደሴ ሰው፣ ጥላ አካሉን እግር በእግር እየተከተለ ስለ በዓሉ ለብርዛፍ ያወራታል። በጉን ወንድሙ እንደገዛለት፣ በማግስቱ ደግሞ የበኩር ልጁን እንደሚድር ነገራት። እሷም እየሳቀች እንኳን ደስ ያለህ አለችው።

የሕይወት አድን ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ ሳቋ ቆመ። ጀልባዋ በሁለት መንጠቆ ተንጠልጥላለች፤ መንጠቆዎቹም አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል። ብርዛፍ ደግሞ በምርመራ ሰሞን አዲስ ቀለም ስታይ ደስ አይላትም። በጥላ አካሉ ጥፍር ቀለሙን ጫር ስታደርገው ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ደረቀ ቆሎ ፍርፍር አለ። እንዲህ ያለ መንጠቆ ሰው የሞላ ጀልባ ይዞ ቢከፈት ጀልባዋ ከአምስት ፎቅ ከፍታ ባፍጢሟ ትተከላለች። ሰውን ለማዳን የተሠራ ነገር ሰው ሲፈጅ፣ ብርዛፍን የሚያንገበግባት እሱ ነው።

አትነሣም ብላ ጻፈች። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ አመዛዛኙ ትነሣለች ብሎ መለሰ።

ማሽኑ የተበላሸ መሰላት። ደግማ ጻፈች፣ የመንጠቆውን ምስል አያያዘች፤ መልሱ ያው ሆነ። ተነሥታ ወደ አለቃዋ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ቢሮ ሄደች። አቶ ልሳነወርቅ ሥራውን ያስተማሯት ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምትላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ነገር የማይወዱ ደግ ሰው ናቸው። ማሽን ያለ ምክንያት አይፈርድም፣ ምክንያቱን ጠይቂው ብለው መለሷት።

ጠየቀችው። አመዛዛኙ አራት መቶ አሥራ ሁለት መዝገብ ዘርግቶ አሳያት። ሁሉም የበዓል ዋዜማ መዝገቦች ናቸው፤ የገና አለ፣ የፋሲካ አለ፣ የአረፋና የመውሊድም አለ። ሁሉም ላይ ጉድለት ተገኝቷል፣ ሁሉም ላይ በሰው እጅ ደርሳ ትጠገን ተብሎ ተጽፏል። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም መርከቦች በሰላም ገብተዋል። እንግዲህ አመዛዛኙ ከዚህ ምን ይማር? በበዓል ዋዜማ ዝገት ሰው አይጎዳም ብሎ ተማረ።

ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን መዝገብ ስትከፍተው የራሷን ፊርማ አየች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ዝቋላ የምትባል መርከብ የእሳት ማጥፊያ ፓምፗ አልሠራም ብሎ ነበር። የመርከቧ ወጥ ቤት ሠራተኛ አራስ ሚስቱን ትቶ የወጣ ሰው ነበርና ፊቱን ስታይ አንጀቷ አልቻለም። ጋሼ ልሳነወርቅም ከጀርባዋ ቆመው፣ ተይ ሰው ለበዓል መንገድ ላይ አይቀርም፣ ደርሳ ትጠገን በይ አሏት። እሷም አለች። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ወግ ሆኖ ቀረ።

ግን እኮ ያን ጊዜ ደርሳ ትጠገን ብሎ የጻፈ ሰው መርከቧ እስክትገባ ድረስ እህል አይበላም ነበር። በየሰዓቱ እየደወለ፣ አደራ ከወጥ ቤቱ ሰው አይጥፋ፣ አደራ ይህን አትንኩ፣ አደራ ከዳር አትራቁ እያለ ካፒቴኑን ሲጨቀጭቅ ይውላል። ዝቋላ የገባችው በዚያ ጭቅጨቃ ነው። ጭቅጨቃው ደግሞ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። አመዛዛኙ ያገኘው ፊርማውን ብቻ ነው፤ በፊርማው ፈረደ።

ብርዛፍ አንድ መንገድ ቀርቷታል። መርማሪ ሁሉ የመያዝ ቃል አለው፤ ማሽኑ ትነሣ ያላትን መርከብ በራሱ ኃላፊነት ይዣለሁ ብሎ ማቆም ይችላል። ነገር ግን መያዙ ልክ እንደነበር ካልተረጋገጠ ይቆጠርበታል፤ ሁለቴ ያልተረጋገጠለት ሰው ቃሉን ለዘለዓለም ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ ማየት እንጂ ማስቆም የለም። ብርዛፍ ላይ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ ተቆጥሮባታል።

ጋሼ ልሳነወርቅ ለመኗት። ቃልሽን ለባሰ ቀን አስቀምጪው፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፣ አሏት። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። በዚህ ቤት ማሽን ተሳስቷል ብሎ የሚቆም ሰው እሷ ብቻ ቀርታለችና ነገ ማን አለን ማለታቸው ነው። ብርዛፍም አጥታው አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ሰው ከዚያ መንጠቆ በታች ሲቀመጥ እየታያት እንዴት ታስቀምጠው? ጉናን ያዘች።

ካፒቴን ኑርሁሴን ሲነገረው አልተቆጣም። የጥላ አካሉን የመስታወት ዐይን ትኩር ብሎ አየውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«እኅቴ፣ ለመሆኑ አንቺ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የማታውቀውን ባሕር ፈርታ የሰው ሠርግ አበላሸች፤ እሱ የሚያየው ይህን ነው፤ ማን ይፈርድበታል።

አሁን መያዟ ልክ መሆኑ በምን ይረጋገጥ? የቆመች መርከብ አትሰጥም፣ ያልተነካ መንጠቆ አይከፈትም። ሕጉ ለዚህ መላ አበጅቶለታል። አመዛዛኙ ለተያዘችው መርከብ የተለቀቀች መንታ ይፈልግላታል፤ በአንድ ፋብሪካ የተሠራች፣ በአንድ መንገድ የምትሄድ እኅት መርከብ ማለት ነው። መንታዪቱ ላይ በዚያው ጉድለት ሰው ከተጎዳ መርማሪው ልክ ነበር። መንታዪቱ በሰላም ከገባች ተሳስቷል። ለጉና የተመረጠችላት ጮቄ ሆነች። ያንኑ ጠዋት ከዚያው ወደብ የተነሣች፣ መንጠቆዋም ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ ሃያ ሰባት ሰው የጫነች መርከብ ናት። ሌላ መርማሪ ቀለሙን ሳይጭር አሳልፏታል።

«ይህን ሕግ የጻፈው ማነው ጋሼ?» አለች ብርዛፍ።

«እኛው ነና» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «እኔም ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። ያን ጊዜ ብልኅነት መስሎን ነበር።»

መርከበኞች በጉዞው ሁለተኛ ቀን ልምምድ አላቸው። ጀልባዋ ውስጥ ይገቡና በመንጠቆው ወደ ውኃው ዝቅ ይላሉ፤ የመርከብ ደንብ ነው። ብርዛፍ ይህን ሳታስበው አልቀረችም። የጮቄ ልምምድ በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ዝም ብላ ብትቀመጥ የሚሆነው ይሆናል፣ እሷም ቃሏ ይተርፋል። ብትደውል ደግሞ በገዛ እጇ ራሷን ስሕተተኛ ታደርጋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ መገናኛውን እያየች ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ለምን እንደፈጀባት በኋላ ራሷን ስትጠይቅ አፍራለች፤ ብቻ ደወለች።

የጮቄ ካፒቴን አስካለ የምትባል ቆፍጣና ሴት ናት። ብርዛፍ ጀልባዋ ውስጥ ሰው እንዳይገባ፣ መንጠቆው ዝጓል ብላ ነገረቻት። ካፒቴኗ ለምን ብላ አልተከራከረችም፤ እሺ እኅቴ፣ ልምምዱ ይቀራል አለች። ነገር ግን የመርከቧን መዝገብ ስትሞላ፣ ልምምዱ በማዕበል ምክንያት ተሠረዘ ብላ ጻፈች። መንጠቆ ብላ ብትጽፍ ያሳለፋት መርማሪ ሊዋረድባት ነው። የሰው እንጀራ ላይ አልቆምም ብላ ነው፤ ይሉኝታ ነው። የመርከብ መዝገብ ደግሞ አንዴ ከተፈረመበት አይፋቅም።

ጮቄ በአረፋው ጠዋት ጅቡቲ ገባች። ብርዛፍ ፈቃድ ጠይቃ የጮቄን ጥላ አካል አጠለቀችና ሰዎቹን ሁሉ ከአካባቢው አስወጣች። ባዶዋን ጀልባ እንደ ልምምዱ ዝቅ ማድረግ ጀመረች። ሁለት ክንድ ያህል ሳትወርድ የፊተኛው መንጠቆ ተከፈተ። ጀልባዋ ባፍጢሟ ወርዳ ከሲሚንቶው ወደብ ላይ እንደ ቅል ለሁለት ተሰነጠቀች። ብረቱ ሲበጠስ የተሰማው ንዝረት ደብረ ብርሃን ድረስ መዳፏን አንቀጠቀጠው።

ጓንቱን ሳታወልቅ ነው ወደ አቶ ልሳነወርቅ የሮጠችው። ነገረቻቸው። እሳቸውም ምስሉን ሁለት ጊዜ አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰው ተጎድቷል?»

«ማንም አልነበረባትማ፤ እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።»

«እንግዲያማ ሕጉ ጉዳት ነው የሚለው፣ ብርዛፍ። ጀልባ አይልም።»

ደውላ ልምምዱን እንዳስቀረች ተናገረች። አቶ ልሳነወርቅ የጮቄን መዝገብ ከፈቱና ማዕበል የሚለውን አሳዩዋት። ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች፣ ምን ዋጋ አለው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመዛዛኙ የብርዛፍ ይመኑን የመያዝ ቃል ዘጋ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ላይም ጮቄን ጨመረ። በሰላም የገባች ሆናለችና አራት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ እሷ ናት። በሚቀጥለው በዓል ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል ማለት ነው።

ወደ መቀመጫዋ ስትመለስ ስልኳ ጠራ። ካፒቴን አስካለ ናት። ሰዎቿ የተሰነጠቀችውን ጀልባ ከበው ቆመው አይተዋታል፤ ትናንት አራት ሰዓት ላይ እዚያ ውስጥ ሊቀመጡ እንደነበር የገባቸው አሁን ነው። ካፒቴኗ ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ሃያ ሰባት ነፍስ ነው የመለስሽው፤ በምን አፌ ላመስግንሽ?» አለቻት።

ብርዛፍ እንኳን በሰላም ገባችሁ ለማለት አፏን ስትከፍት ውስጧ ሌላ ነገር ተናገረ። ምነው ያን ቀን ባልደወልኩ ኖሮ፣ አለ። ድምፁ የራሷ ነበር፤ ክፉም አይመስልም፣ ገበያ ውላ ዕቃ የረሳች ሰው እንደምትለው ያለ ተራ ቁጭት ነበር። ደነገጠች። እንኳን በሰላም ገባችሁ አለች።

«ቆይ ላገናኝሽ፣ ሁሉም ሊያመሰግኑሽ ይፈልጋሉ» አለች ካፒቴኗ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። መካኒኩ መጣ፣ ዕድሜ ይስጥሽ አላት። የወጥ ቤቷ ሠራተኛ መጣች፣ ሦስት ልጆች አሉኝ አለችና ሌላውን መጨረስ አቃታት። አንድ የጎልማሳ ድምፅ ያለው መርከበኛ፣ ዱዓ አደርግልሻለሁ፣ ስምሽን ደግመሽ ንገሪኝ አላት። ነገረችው።

ብርዛፍ ሃያ ሰባቱንም አንድ በአንድ ሰማች። ለእያንዳንዳቸው እንኳን በሰላም ገባህ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ አለች። አዲስ ድምፅ በመጣ ቁጥር ያ ሐሳብ አሁን ይለቀኛል እያለች ጠበቀች። ሃያ ሰባተኛው ሰው ተሰናብቷት ስልኩን ሲዘጋም ሐሳቡ እዚያው ነበር።